አይነሳ የተባለው ስልክ

የእኛ ተራ ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ጠያቂ ከባቡር ወይ ከታክሲ ወርዶ ስንቁን አንጠልጥሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ስልኩን እኛ ዘንድ አስቀምጦ ይገባል። እኛ ስል ዙለይኻንና አስቴርን ማለቴ ነው፤ ስልክ አስቀማጮቹ እነሱ ናቸው። እኔ ዘአማኑኤል ፌስታል፣ ሶፍት፣ የጥርስ ሳሙና እሸጣለሁ፤ የስልክ ካርድም እሞላለሁ። ከሁለቱ መሀል ስለተቀመጥኩ በግራ ጆሮዬ አስቴርን፣ በቀኝ ጆሮዬ ዙለይኻን እሰማለሁ። ሰው ነገር አትስማ ይለኛል። ዓይን ቆብ አለው፤ ጆሮ ምን አለው?

በተራችን ሁለት ነገር አይጠየቅም። የታሰረው ሰው ምን አድርጎ እንደገባ አይጠየቅም፣ መቼ እንደሚወጣም አይጠየቅም። ሌላው ሁሉ ይጠየቃል። መልስ የማይሰጥ ሰው ደግሞ ይጠረጠራል።

የጥርጣሬው ክፍል ኃላፊ ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት አንድ ክር ፋብሪካ በር ላይ በፈታሽነት ነው። ሠራተኛ ሲወጣ ኪስ ይዳብሳሉ፣ ምሳ ዕቃ ይከፍታሉ፣ ጫማ ያስወልቃሉ። «ሰው ባዶውን አይወጣም» ይላሉ። ድሮ አንዲት ሴት ሆዷ ላይ ክር ጠምጥማ ነፍሰ ጡር መስላ ስትወጣ ይዘዋት ያውቃሉ፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ነፍሰ ጡር ስታልፍ ሳይቀር ዓይናቸው እስከ ታክሲው ድረስ ይሸኛታል። ጡረታ ሲወጡ የተራችን ሰብሳቢ አደረግናቸው። መዋያ ቦታ የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው። ጥሩው ቦታ የመጀመሪያው ነው፣ ማቋረጫው ጋ ያለው። መጥፎው ከቦዩ ማዶ፣ ከዛገው ኮንቴይነር ሥር ነው፤ እዚያ ጠያቂ የሚደርሰው መንገድ ሲጠፋበት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ የዙለይኻ ነበር። ዙለይኻ የስልጤ ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ሳጥን ነው። ሳጥኗን አናጢ እንደ ርግብ ቤት ከፋፍሎ ነው የሠራላት። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው፤ ስልክ ሰጥተህ ያው ቁጥር በጥፍር ቀለም የተጻፈበት የለስላሳ ቆርኪ ትቀበላለህ። ሕጓ አጭር ነው፤ የሰው ስልክ አይነሳም፣ አይጠፋም፣ ፊቱም አይታይም። ሁሉንም በግንባሩ ደፍታ ነው የምታስቀምጠው። «የሰው ስልክ የሰው ጓዳ ነው» ትላለች። ጠያቂው ይህን ስለሚያውቅ ከሳሪስ ማዶ የሚመጣው ሁሉ «ስልጤዋ የት ናት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አስቴር ይህን ስትሰማ አትወድም፤ ግን ቴርሞስ ይዛ ሻይም ስለምትሸጥ ሆዷ አልባሰም።

ጋሽ ዱጉማ የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም ኮት የማያወልቁ ሽማግሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ዙለይኻ ፊት ቆመው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይሰጧታል።

«ልጄ፣ አደራ።»

ቆርኪያቸውን ይቀበላሉ። ከእኔ ነጭ ፌስታል ገዝተው ስንቁን ያዘዋውራሉ፣ ይገባሉ። ሌላ ቃል የለም። እዚህ ሰፈር ቃል የማያበዛ ሰው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

እሳቸው በሩን አልፈው ትንሽ ቆየት ሲል ስልኩ ይጀምራል። ድምፅ የለውም፤ ይነዝራል። ጣውላው ላይ ሲነዝር ጣሳ ውስጥ የገባ ተርብ ይመስላል። ይነዝርና ይቆማል። ትንፋሽ ይወስዳል። ደግሞ ይነዝራል።

እኛ ደዋይ እናውቃለን። ቸኳይ ደዋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይተዋል። ቀናተኛ ደዋይ ይተውና ሲነደው መልሶ ይመጣል፤ ስልኩ ሲነዝር ራሱ የተቆጣ ይመስላል። ይሄኛው ግን ንዴትም ችኮላም የለበትም። እኩል እኩል ነው፤ ልክ እንደ ሥራ። ሽማግሌው ወጥተው ስልካቸውን ተቀብለው ከኮንቴይነሩ ጀርባ ዞር ብለው አንዲት አጭር ነገር ከተናገሩ በኋላ ግን ጭጭ ይላል። ያመለጣቸውን ጥሪ ሲያዩ አይደነግጡም። ማን ነው ብለውም አይጠይቁም።

«ሰው ስንቴ ተደውሎለት እንዴት አይደነግጥም?» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

«ምናልባት የሚያውቁት ሰው ይሆናል» አለች ዙለይኻ።

«እሱን ነው የምለው! የሚያውቁት ሰው ከሆነ፣ ሰውየው የት እንዳሉ አያውቅም? ካወቀ፣ ስልኩ እጃቸው ላይ እንደሌለ አያውቅም? እንደሌለ ካወቀ፣ ለማን ነው የሚደውለው?»

ይህቺ ጥያቄ መጥፎ ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ስልኩ እየነዘረ እየተንፏቀቀ ከክፍሉ ወጥቶ መሬት ወደቀ፣ በጀርባው። አስቴር ከዙለይኻ ቀድማ ጎንበስ አለች። ስታነሳው ፊቱን አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ፈጦ ነበር።

«የደዋዩን ስም ልንገራችሁ?»

«አትንገሪን» አለች ዙለይኻ፣ ስልኩን ነጥቃ ደፍታ እየመለሰች።

«ንገሪን» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

«‹አይነሳ› ነው የሚለው።»

«ምን?»

«ስሙ። ‹አይነሳ› ብለው ነው የመዘገቡት።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ወንበራቸውን ወደ እኛ አስጠጉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ጸሎት እንደሚጀምር ሰው።

የሽማግሌው ቁጥር እኔ ዘንድ ነበር። አንድ ጊዜ ካርድ ሞልቼላቸዋለሁ። ይህን አፌን አዳልጦኝ ተናገርኩ፤ ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ አልደውልም ማለት ከሽማግሌው ወገን መሆን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ጋሽ ዱጉማ እንደገቡ፣ የአስቴር አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰብስበን ደወልኩና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ለቀቅኩት።

እንደማንኛውም ስልክ ጢን ጢን አላለም። የጥሪ ማሳመሪያ አስገብተውበታል፤ ስልኩ እስኪነሳ ደዋዩ ዘፈን ይሰማል። ከበሮ፣ ቀጥሎ ዋሽንት፣ ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ የሚል።

አጥሩ ቢረዝምም ሰማይ አይነካም፣
ክንፍ ያላት ፍጥረት በር አታንኳኳም፤
ጠባቂው ሲያንጎላጅ ጎህ ሲቀድ ተነሺ፣
ከወንዙ ወዲያ ነው አንቺ የምትነግሺ…

እዚህ ላይ ቀጥ አለና ሌላ ሴትዮ ገብታ የደወልንላቸው ደንበኛ እንደማይመልሱ ነገረችን።

ሁላችንም፣ ሳንነጋገር፣ ማዶ ያለውን የማረሚያ ቤቱን አጥር አየን።

«አጥር» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል፣ አንድ ጣታቸውን አጥፈው። «በር» ሁለተኛውን። «ጠባቂ። ሰዓቱም ሳይቀር፤ ጎህ ሲቀድ።»

ዚያድ የሚባል ባጃጅ ነጂ ሻዩን ይዞ ቆሞ ነበር። ሳቁን ያፈነው መስሎት አፈትልኮ ወጣ።

«ፋዘር፣ ኧረ ይሄ የካርቱን ዘፈን ነው! የልጆች ፊልም። በአማርኛ የተሠራው። የኔዋ ትንሿ ጠዋት ማታ እሱን ነው፤ ቤቱን አሳብዳዋለች። ጅግራ ናት፣ አንድ ክንፏ የተሰበረ። አትበሪም ይሏታል፣ እሷ ደግሞ በዘፈን ራሷን ታጀግናለች። ሞራል ነገር ነው፣ በቃ።»

«ጠባቂው ማነው ታዲያ?»

«ውሻ ነው።»

«ውሻ!» ጋሽ ወልደሚካኤል በር ላይ ቆመው ያሳለፉት ዕድሜ በሙሉ የተሰደበባቸው መሰሉ። «ጠባቂን ውሻ አሉት?»

«ፋዘር፣ የምር ውሻ ነው። ጭራ አለው።»

«ወንዙን ትሻገራለች?»

«እሱን እንጃ። እዛ ጋ ሲደርስ ሁሌ እንቅልፍ ያዳፋኛል።»

«ለምን እዛ ጋ?»

«እ?»

«ለምን ልክ እዛ ጋ ስትደርስ ትተኛለህ?»

ዚያድ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም ተጠርጣሪ ነው።

«የሕፃን ፊልም ከሆነ ምን ችግር አለው ጋሽዬ?» አለች አስቴር።

«አስቴር፣ አስቢ እንጂ። ሽማግሌ ሰው የሕፃን ዘፈን ስልኩ ላይ ምን ይሠራለታል? እኔ ክር በምሳ ዕቃ አልያዝኩም፤ ክር የያዝኩት ነፍሰ ጡር ሆድ ላይና ሕፃን አንቀልባ ውስጥ ነው። ማንም የማይፈትሸው እዚያ ይደበቃል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ድገመው፣ በቃሌ ልያዘው።»

ደገምኩ። ሠለስኩ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተላሉ። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ስልኩ በእኔው ጥሪ ሳጥኑ ውስጥ ይነዝራል።

«ተው እንጂ ዘአማኑኤል» አለች ዙለይኻ። «እናንተ ስትደውሉ ሌላው ይያዝበታል። የሚፈልጋቸው ሰው ይኖራል።»

«የሚፈልጋቸውን ነው እኮ እኛም የምንፈልገው!» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «ድገም።»

ያን ቀን ጋሽ ዱጉማ ወጥተው ስልካቸውን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጡ። የማያውቁት ቁጥር ተደርድሮበታል። ቀና ብለው ተራውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አዩት። ዙለይኻን ከሁላችንም አስበልጠው አዩአት። እኔ ፌስታል እቆጥር ነበር። እኛ እሳቸውን ጠርጥረናል፤ አሁን እሳቸውም እኛን ጠረጠሩ። ቢያንስ እኩል ሆንን ብዬ አሰብኩ፤ ግን እኩልነቱ ደስ አላለኝም።

ሽማግሌው እንደሄዱ ጋሽ ወልደሚካኤል ብድግ ብለው ዙለይኻ ፊት ቆሙ።

«ስሚ። አንድ ነገር ቢፈጠር ይህ ተራ በሙሉ ይነሳል። ሁላችንም እንጀራችን ይቆረጣል፣ በአንድ ሰው ስልክ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩ ሲጠራ ታነሺዋለሽ፣ እኛ እዚህ ቆመን። ማን እንደሆነ እናውቃለን።»

«የሰው ስልክ አላነሳም ጋሼ። እርስዎም ያውቃሉ። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ስለማላነሳ ነው።»

«ካላነሳሽ ደግሞ ከቦዩ ማዶ ነሽ። እዚያ ሆነሽ አታንሺ።»

ዙለይኻ የኮንቴይነሩን ዝገት አየችው። ልጆቿ ዩኒፎርም ለብሰው እዚህ ተራ መጥተው ምሳቸውን ይበላሉ፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ምን እያሰበች እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ካነሳች ስሟ ይጠፋል፤ ካላነሳች ቦታዋ ይጠፋል። ስም የሌለው ስልክ አስቀማጭና ቦታ የሌለው ስልክ አስቀማጭ ሁለቱም ባዶ ሳጥን ነው የሚጠብቁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ዱጉማ ስልካቸውን ከመስጠታቸው በፊት ትንሽ ያዝ አደረጉት።

«ልጄ፣ አደራ» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ጠንከር ያለ ነበር።

«እሺ አባባ» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ገቡ። ጋሽ ወልደሚካኤል ወንበራቸውን አምጥተው ሳጥኑ አጠገብ ተከሉ። አስቴር ደንበኛ እያስተናገደች በአንድ ዓይኗ ታያለች። ስልኩ ነዘረ። አንድ ጥሪ አሳለፈች፤ ሻርፗን አስተካከለች። ሁለተኛው መጣ።

«በይ» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

ዙለይኻ «ቢስሚላህ» ብላ አነሳች። ፊቷን ከኋላችን ወዳለው ግድግዳ አዙራ፣ ሻርፗን እስከ አፏ ሸፍና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችውና «አቤት?» አለች። የጋሽ ወልደሚካኤልን ጆሮ የፋብሪካው ማሽን ከበላው ቆይቷል። የእኔን ማንም አልበላውም፤ ደግሞ ስልኩ በእኔ በኩል ነበር።

«ለምን አነሳሽው?» አለ ድምፁ። የሕፃን ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት እንኳ የገባች አትመስልም። በጣም ተቆጥታለች።

ዙለይኻ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጠበቀችው።

«ገና ወንዙ ጋ አልደረሰችም እኮ! እማ የት ሄደች? አንቺ ማነሽ?»

«እኔ…»

«አያቴ እማ ጋ ሲደርስ ደውዪ፣ ትዘፍንልሻለች ብሎኛል። ባለፈው ቀን ተይዟል ተይዟል አለኝ፤ አለቀስኩ። ዛሬ ደግሞ አንቺ ገባሽ። እማን አምጫት!»

ዙለይኻ አየችኝ። እኔ ፌስታሎቼን አየሁ። ባለፈው ቀን የያዘባት ማን እንደሆነ ፌስታሎቹም ያውቃሉ።

«እናትሽ…» አለች ዙለይኻ በሹክሹክታ፣ «ጉሮሮዋ ደርቆ ውሃ እየጠጣች ነው። አንቺ ዝጊውና መልሰሽ ደውዪ። ከመጀመሪያው ትጀምርልሻለች።»

ልጅቷ አሰበችበት።

«እሺ። ቶሎ ትጠጣ በያት።»

ተዘጋ።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

ዙለይኻ ስልኩን ደፍታ ክፍሉ ውስጥ መለሰችው። «የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

«የተሳሳተ ቁጥር በየሳምንቱ አይሳሳትም! ውሃ ስትዪ ሰምቻለሁ። ውሃ ብለሻል! ወንዙ ነው!»

«የተሳሳተ ቁጥር ነው ጋሼ።»

ስልኩ እንደገና ነዘረ። ከበሮው፣ ዋሽንቱ፣ ጅግራዋ፤ አሁን እነዚያ ሁሉ የት እየተሰሙ እንደሆነ እኔና ዙለይኻ ብቻ እናውቃለን።

«አንሺው!»

«አላነሳም። ይጨርስ።»

«ዙለይኻ፣ ከቦዩ ማዶ ብዬሻለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ወደፈለጉበት ያዛውሩኝ።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ሰማህ?»

«የመኪና ጡሩምባ» አልኩ።

ጋሽ ዱጉማ ሲወጡ ዙለይኻ ስልኩን ራሷ ይዛ ተነስታ ጠበቀቻቸው። ተቀብለው አዩት። ለረዥም ጊዜ አዩት።

«ተነስቷል።»

«አዎ አባባ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

እዚህ ጋ ጣቷን ወደ ጋሽ ወልደሚካኤል ብትቀስር፣ ወደ እኔም ብትቀስር፣ ውሸት አልነበረም። እጇ ግን ሻርፗ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

«አደራ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ምን አልሻት?»

«ውሃ እየጠጣች ነው፣ መልሰሽ ደውዪ አልኳት። ደወለች።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያለ ድምፅ ወደ እኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው።

«የምትዘፍነው እዚህ የምጠይቃት ልጄ ናት፣ እድላዊት። ያንን ፊልም በአማርኛ ሲያዘጋጁት ጅግራዋን ሆና የዘፈነችው እሷ ናት። ሕፃኗ እናቷ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ትመስላታለች። እኔ ስደርስ በስልኩ የምትዘፍንላትም ራሷ ትመስላታለች። ‹አይነሳ› ያልኩት ሕፃኗ የምትደውልበትን የጎረቤታችንን ስልክ ነው፤ ተሳስቼ እንዳላነሳው ብዬ፤ ካነሳሁት ድምፁ ይቆማል። በሳምንት አንድ ቀን እናቷን ታገኛለች። እሷኑ ደግሞ አንቺ ቆረጥሽባት።»

ኮታቸውን ቆለፉና ሄዱ። የኮንቴይነሩ ጀርባ ጋ እንኳ አልቆሙም።

በተራችን የተነገረ ነገር ሳይወራ አያድርም። ያኛው ግን አደረ። ዙለይኻ የሰማችው የሷ ጓዳ አይደለም፤ እኔ ደግሞ ብናገር ባለፈው ሳምንት ስልኩን ማን እንደያዘው መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ሰኞ ዕለት ሳጥኗን ተሸክመን ከቦዩ ማዶ ስናስቀምጥ አንድ ቃል አልተነፈስንም። ጋሽ ወልደሚካኤል ከኋላችን ቆመው ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። አስቴር ወደ መጀመሪያው ቦታ ተዛወረች። ደስ ያላት አትመስልም፤ ቴርሞሷን ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ዱጉማ መጡ። ማቋረጫው ጋ ዙለይኻን አጡ። ከቦዩ ማዶ፣ ኮንቴይነሩ ሥር፣ አዩአት። እሷም አየቻቸው፣ ብድግ ልትል ብላ ተወችው። ሽማግሌው ስልካቸውን ለአስቴር ሰጡ።

«አደራ» አሉ። «ልጄ» አላሉም።

እንደገቡ ጋሽ ወልደሚካኤል ወንበራቸውን ይዘው አስቴር አጠገብ ሰፈሩ።

«ያቺ ሸውዳናለች። አንቺ አታፍሪም፤ ስልኩ ሲጠራ አንሺና ስፒከሩ ላይ ልቀቂው።»

ስልኩ ነዘረ። አስቴር እጇን ዘረጋች።

ያኔ ነው ዙለይኻ ያደረገችውን ያደረገችው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ስልክ የተቀመጠበት ሳጥኗን ጥላ አንድም ቀን ሽንት ቤት ሄዳ አታውቅም፤ ለኔ አስረክባ፣ ቆጥራ ነው የምትሄደው። ያን ቀን «ዘአማኑኤል፣ ሳጥኔን!» ብላ ጮኻ ቦዩን ዘልላ መጣች። እኔም ፌስታሌን ጥዬ ሮጥኩ። ቦዩ ላይ ተላለፍን። ሳጥኗ ጋ ደርሼ ዞር ስል መዳፏን ከአስቴር ጣቶች አስቀድማ ስልኩ ላይ ጭናዋለች።

«እጅሽን አንሺ!» አለች አስቴር። «ይሄ የኔ ሳጥን ነው።»

«ሳጥኑ ያንቺ ነው። ስልኩ ግን ያንቺ አይደለም።»

«ምንድነው ያለበት? ንገሪኝ በቃ!»

«አልነግርሽም።»

«ስለማትነግሪኝ ነዋ የማነሳው!»

«አስቱዬ» አለች ዙለይኻ። ድምፅዋ የተጣላ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንቀመጥ አንድ ነገር ለምኜሽ አውቃለሁ? ደንበኛሽን ወስጄብሻለሁ፤ ከእንግዲህ እርሜ ነው። ቦታውንም ያዢው፣ ያንቺ ይሁን። ይህን ግን ተይው፣ ይጥራ። እስኪጨርስ ይጥራ።»

«ጉቦ ነው ይሄ!» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «በቦታ እየደለለችሽ ነው!»

አስቴር ዙለይኻን አየቻት። ቀጥላ መዳፏን አየች፤ ስልኩ ከሥር ሲነዝር የዙለይኻ እጅ እስከ ክርኗ አብሮ ይንቀጠቀጣል። አስቴር እጇን ሰበሰበችና ሻይ መቅዳት ጀመረች። የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ስልኩ ቆመ። ትንፋሽ ወሰደ። ጀመረ። ዙለይኻ እጇን አላነሳችም። ጠያቂዎች ስልክ ሊሰጡ መጥተው እሷን እንደዚያ ቆማ ሲያዩ ያለ ጥያቄ ወረፋ ያዙ። እንደዚያ እንደቆመች ጋሽ ዱጉማ ከበሩ ወጡ።

አስፋልቱን ተሻግረው መጡና ቆሙ። የአስቴር ሳጥን፣ የዙለይኻ መዳፍ፣ መዳፉ ሥር ደግሞ የሳቸው ስልክ። ዙለይኻ ስልኩን አንስታ ሰጠቻቸው። ፊቱን ነካ አድርገው አዩ። ያመለጠ፣ ያመለጠ፣ ያመለጠ። የተነሳ የለም። ቀና ብለው ከቦዩ ማዶ ያለውን ሳጥን አዩ፤ ባለቤቱ ሌላ ቦታ፣ ጠባቂው እኔ። ጋሽ ወልደሚካኤልንም አዩአቸው። አንድም ቃል አልተናገሩም። ወደ ኮንቴይነሩ ጀርባ ዞሩ።

የኮንቴይነሩ ጀርባ ማለት አሁን የዙለይኻ ሳጥን አጠገብ ነው። ሳጥኑ ጋ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አልፈለግኩም፤ ግን ሰማሁ።

«ወጣሁ፣ ልዕልት» አሉ በስልኩ። «ዛሬስ እስከ ወንዙ ደረሰች?»

አዳመጡ።

«ጎሽ» አሉ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ሽማግሌው እስኪርቁ ጠብቀው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ያበራል።

«አየሃቸው አይደል? አልተነጋገሩም! የማይተዋወቁ ሰዎች ቢያንስ ሰላም ይባባላሉ። እነዚህ ዝም ተባባሉ። ነገሩ ካሰብኩት በላይ ጥልቅ ነው።»

«ጥልቅ ነው» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ጋሽ ዱጉማ ከባቡሩ ወርደው መጡ። አስቴርን አለፉ፤ አስቴርም እጇን አልዘረጋችም። ከኔ ነጭ ፌስታል ገዙ። የኮታቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ ስንቁን በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ቦዩን ተሻገሩ። ስንቅ ለያዘ ሽማግሌ ቀላል ቦይ አይደለም። ዙለይኻ ልትደግፋቸው ተነሳች፤ በእጃቸው ከለከሏት።

ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ልጄ፣ አደራ።»

ደፍታ አስቀመጠችው። ሌሎች ጠያቂዎችም ሽማግሌውን አይተው ይሁን ስሟን ጠይቀው እንጃ፣ ሁለት ሦስቱ ተከትለዋቸው ቦዩን ዘለሉ። ትንሽ ቆየት ሲል ስልኩ መንዘር ጀመረ፤ ከኮንቴይነሩ ቆርቆሮ ጋር ሲገጥም ድምፁ ከድሮው በለጠ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ነገሩን በቅርብ ለመከታተል ወንበራቸውን ቦዩ አፋፍ ላይ አድርገው ነበር። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ስልኩ እኩል እኩል ይነዝራል። አገጫቸው ቀስ እያለ ደረታቸው ላይ አረፈ፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። ያንን ሁሉ ቀን በቃላቸው የያዙት ዘፈን፣ ራሳቸው ሳያውቁት፣ እያፏጨ ይወጣል። ጠባቂው ሲያንጎላጅ የሚለው ጋ ደርሰዋል።

እኔም ለማንኛውም ብዬ አጥሩን አየሁት።